ፓይተንን አፕግሬድ ካደረግኩ በኋላ ኮዴ እምቢ አለ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ፣ እኛ መስከረምን ልናገባድድ ስንል፣ አዲስ ቨርዥን ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል፦ "ምንም አልነካሁም፤ አፕግሬድ ብቻ ነው ያደረግኩት፤ ኮዱ ግን እምቢ አለ።" እውነት ነው፣ አልነካችሁም። የተነካው ኮዱ የቆመበት ነገር ነው። የትኛው እንደተነካ ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው፦ ፓይተን ራሱ፣ ላይብረሪው (ሌሎች ጽፈውት እኛ ጭነን የምንጠቀምበት ኮድ) ወይስ አጫጫኑ?

ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ትዕዛዞቹንና የኤረር መልእክቶቹን ሲነበቡ እንደሚሰሙት ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ትናንት ሲሠራ የነበረ ኮድ ዛሬ ኤረር አወጣ። ከየት ልጀምር?

ከመጨረሻው መስመር። ፓይተን ሲወድቅ ትሬስባክ የሚባል ረጅም ዝርዝር ይደረድራል። ብዙ ሰው ከላይ ማንበብ ይጀምርና ሦስተኛው መስመር ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ቁም ነገሩ ያለው ታች ነው። የመጨረሻው መስመር ምን እንደተፈጠረ ይናገራል፤ ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ደግሞ የት ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደተፈጠረ።

እዚያ ጋ የፋይሉን አድራሻ እዩ። የራሳችሁ ፎልደር ከሆነ ጉዳዩ እናንተ ጋ ነው። አድራሻው ውስጥ "ሳይት ፓኬጅስ" የሚል ካለበት ግን የወደቀው የጫናችሁት ላይብረሪ ነው። ይህን ሳያዩ የራሳቸውን ኮድ ሲያገላብጡ የሚያድሩ አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ላይብረሪው ውስጥ ወደቀ ማለት ሁልጊዜ ጥፋቱ የላይብረሪው ነው ማለት አይደለም፤ እናንተ የማይሆን ነገር አቀብላችሁትም ሊሆን ይችላል። ከአፕግሬድ ማግስት ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። መጀመሪያ አዲስ ቨርዥን ወጥቶለት እንደሆነ እዩ።

ከ3.11 ጀምሮ ፓይተን ከመስመሩም ውስጥ ችግር ያለበትን ክፍል ለይቶ ከሥሩ ያሰምርበታል። ረጅም መስመር የመጻፍ ልማድ ላለን ሰዎች ይህ ብቻውን አፕግሬዱን ያስመሰግናል።

"ሞጁል ኖት ፋውንድ" ይለኛል። ግን ባለፈው ጭኜዋለሁ እኮ!

አዎ ጭናችኋል፤ ለድሮው ፓይተን። 3.11 እና 3.13 አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ጓዳቸውን ግን አይጋሩም። እያንዳንዱ የራሱ የላይብረሪ ፎልደር አለው። አዲሱ ሲመጣ የድሮውን ፓንዳስና ጃንጎ (የዳታ ሰንጠረዥና የዌብሳይት ላይብረሪዎች) ተሸክሞ አይመጣም።

ሌላም ጣጣ አለ። ተርሚናል ላይ "ፓይተን" ስትሉ የሚነሳው አዲሱ ሆኖ፣ "ፒፕ" (የላይብረሪ መጫኛው) ስትሉ የሚነሳው ደግሞ የድሮው ሊሆን ይችላል። በደንብ ተጭኗል ይላችኋል፤ ኮዱን ስታስኬዱት የለም ይላል። ስለዚህ ፒፕን ብቻውን አትጥሩት። "ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል" በሉ። ያኔ ላይብረሪው የሚጫነው ኮዱን ለሚያስኬደው ለዚያው ፓይተን ነው። ዊንዶውስ ላይ "ፓይ ሰረዝ ዜሮ" ብላችሁ ብታስገቡ ያሏችሁን ቨርዥኖች ይዘረዝርላችኋል። ቪኤስ ኮድ የምትጠቀሙ ደግሞ ከታች በቀኝ ጥግ የተጻፈውን ቨርዥን እዩ፤ ኤዲተሩ አንዱን፣ ተርሚናሉ ሌላውን ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

"ዲስትዩቲልስ የለም" አለኝ። እኔ እንደዚህ የሚባል ነገር ጭኜም አላውቅ!

ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣ ስለነበር ነው። በ2023 ኦክቶበር የወጣው 3.12 ዲስትዩቲልስንና ኢምፕን አስወጣቸው። በ2024 የወጣው 3.13 ደግሞ 19 ያረጁ ሞጁሎችን በአንድ ጊዜ ጠራረገ፤ ሲጂአይ፣ ክሪፕት፣ ቴልኔትሊብ ከነሱ መሀል ናቸው።

ዲስትዩቲልስን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የቆየ ላይብረሪ ነው። ለጊዜው ሴትአፕቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ የዲስትዩቲልስን ቅጂ በውስጡ ይዟል። ኢምፕን የሚጠራ የራሳችሁ ኮድ ካለ በኢምፖርትሊብ ይተካል። ለራውተርና ለስዊች ስክሪፕት የጻፋችሁ ቴልኔትሊብን ስታጡ አትዘኑ፤ ቴልኔት ፓስወርዳችሁን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው። መሣሪያው መስጥሮ የሚልከውን ኤስኤስኤች የሚችል ከሆነ አጋጣሚውን ተጠቀሙበትና ተሻገሩ።

ላይብረሪ ልጭን ስል "ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ያስፈልጋል" ብሎ ቀዩን ጽሑፍ አወረደው። ልጫነው?

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ያ ነገር ጊጋባይቶች ዳታ ይበላል። በሞባይል ፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ለወር የገዛችሁት በአንድ ሌሊት ውሃ ይበላዋል፣ ችግሩም ላይፈታ ይችላል።

የሆነው ይኼ ነው። እንደ ነምፓይ (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) ያሉት ከፊላቸው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ የፓይተን ቨርዥን አስቀድመው ኮምፓይል አድርገው (ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይረው) ዊል በሚባል ፋይል ያስቀምጡልናል። ፓይተን አዲስ በወጣ ሰሞን ለእሱ የሚሆነው ዊል ገና አልተዘጋጀም። ፒፕ ሲያጣው ምንጩን አውርዶ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል ሊያደርግ ይሞክራል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ኮምፓይለር፣ ማለትም ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ደግሞ የላችሁም።

አንድ ቨርዥን ወደኋላ ያለ ፓይተን ጫኑ። ዛሬ 3.14 ላይ እምቢ ያለው 3.13 ላይ በጥቂት ሰከንድ ሊጫን ይችላል። መጠበቅ የምትችሉ ከሆነም ጠብቁ፤ የታወቁት ላይብረሪዎች ብዙ አይዘገዩም።

ፓይተንን አልነካሁም፤ ነምፓይን ብቻ ነው ያሳደግኩት። ለምን ሁሉም ነገር ወደቀ?

"ነምፓይ ሃዝ ኖ አትሪቢዩት ኢንት" የሚል ከሆነ ቀላል ነው። በነምፓይ ስም የሚጠሩት ኢንት፣ ፍሎትና ቡል (የሙሉ ቁጥር፣ የአስርዮሽና የእውነት/ሐሰት ዓይነቶች) በ2021 መጀመሪያ በወጣው 1.20 "ይቀራሉ" ተባለ፤ በ1.24 ቀሩ። የፓይተንን የራሱን ኢንት፣ ፍሎትና ቡል ተጠቀሙ፤ ድሮም እነሱው ነበሩ።

የ2024ቱ ነምፓይ 2.0 ግን ከበድ ይላል። በውስጥ አሠራሩ ስለተለወጠ በ1 ዘመን ኮምፓይል የተደረጉ ሌሎች ላይብረሪዎች አብረውት መሥራት አይችሉም። "ዲታይፕ ሳይዝ ቼንጅድ" የሚል መልእክት ካያችሁ ይኼው ነው። መድኃኒቱ ነምፓይ ላይ የተደገፉትን ሁሉ አብሮ ማሳደግ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ባለቤት ያጣ የቆየ ላይብረሪ ከሆነ ነምፓይን ከ2 በታች አድርጋችሁ አቆዩት። ያሳፍራል የሚል ሰው ካለ ሥራ የማያስረክብ ሰው ነው።

ፓንዳስን አሳደግኩና ቀኖቹን ማንበብ አቃተው። ድሮ እኮ በሰላም ያነብ ነበር።

በሰላም አልነበረም። ይህን ጥያቄ በተለየ እወደዋለሁ፤ አፕግሬዱ ያበላሸ መስሎ ያዳነበት ቦታ ስለሆነ።

እኛ ቀን ስንጽፍ ቀኑን እናስቀድማለን። አንድ የኤክሴል ዓምድ ላይ 05/03/2024 ተጽፎ ከሥሩ 25/03/2024 አለ እንበል። ሁለቱም ማርች ናቸው። የድሮው ፓንዳስ ግን እያንዳንዱን ለየብቻው ይገምት ነበር። የመጀመሪያውን እንደ አሜሪካኖቹ ወሩን አስቀድሞ ሜይ 3 ብሎ ያነበዋል። ሁለተኛውን ሲያይ 25ኛ ወር የለም፤ ገልበጥ አድርጎ ማርች 25 ይለዋል። ኤረር የለም። ሪፖርቱ ይወጣል፣ ግራፉ ይሳላል፣ የማርች ሽያጭ ሜይ ውስጥ ተቀምጦ ይቀርባል።

በ2023 ኤፕሪል የወጣው ፓንዳስ 2.0 ይህን አቆመ። የመጀመሪያውን ቀን አይቶ አንድ ፎርማት ይይዛል፤ ከዚያ የማይገጥም ሲመጣ ይቆማል። መፍትሔው "ዴይ ፈርስት" የሚለውን ትሩ ማድረግ ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ፎርማቱን ራሳችሁ ጽፋችሁ መስጠት። ከዚያ በኋላ የአምና ሪፖርቶችን አንዴ መለስ ብሎ ማየት አይከፋም።

እግረ መንገዴን፣ እዚያው 2.0 ላይ የዳታፍሬሙ (የፓንዳስ ሰንጠረዥ) መጨመሪያ አፔንድም ወጥቷል። ኮንካት ተጠቀሙ። ሉፕ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ መጀመሪያ ሁሉንም ሊስት ውስጥ ሰብስቡና መጨረሻ ላይ አንዴ አገጣጥሙ።

ኤረር የለም፤ ውጤቱ ግን ከድሮው ይለያል። ይህ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፣ ከሁሉም የከፋውም ይህ ነው። ኤረር ቢያንስ ይጮኻል።

በብዛት የሚያጋጥመው ከፓይተን 2 ወደ 3 በሚሻገር ኮድ ላይ ነው። የ2 ድጋፍ በ2020 ጃንዋሪ 1 ቢያበቃም የየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ገና እየኖረ ነው። 7ን ለ2 ስታካፍሉ በፓይተን 2 መልሱ 3 ነበር፤ በፓይተን 3 ግን 3.5 ነው። የድሮውን ከፈለጋችሁ ድርብ ስላሹን (//) ትጠቀማላችሁ። ራውንድ (ቁጥር ማጠጋጊያው) ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለው። 2.5ን ራውንድ ስታደርጉ በፓይተን 2 መልሱ 3 ነበር። በፓይተን 3 ግን 2 ነው። መሀል ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይወስደዋል፤ ሁለቱም እኩል ቅርብ ከሆኑ ተጋማሹን ይመርጣል። 3.5 ደግሞ 4 ይሆናል።

የደመወዝ ስክሪፕት ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሳንቲም እዚህ ይጎድላል፣ ሳንቲም እዚያ ይተርፋል፣ ሒሳብ ክፍል ሚዛኑ አልገጥም ብሎ ይመጣል። ገንዘብ ከሆነ ፍሎትን ተውት። ዴሲማል የሚባለውን ሞጁል ተጠቀሙና አጠጋጉን በግልጽ "ራውንድ ሃፍ አፕ" ብላችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት እሱም ወደ ተጋማሹ ነው የሚያጠጋው።

ሁለቱን ለማመሳከር ቀላሉ ዘዴ አንድ ትንሽ ዳታ መርጦ በድሮውም በአዲሱም ማስኬድ፣ ውጤቶቹንም ፋይል ለፋይል ማወዳደር ነው። ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) ያለው ሰው ይህ አያስፈልገውም። ቴስት ያለው ሰው ግን ይህን ጥያቄም አይጠይቅም።

አማርኛ ጽሑፌ ላይ ችግር መጣ። ይህም ከአፕግሬዱ ነው?

ከፊሉ አዎ። ለእኛ ፓይተን 3 ትልቅ ውለታ ውሏል። በ2 "ሰላም" ስንት ፊደል ነው ብትሉት 9 ይላችኋል፤ የሚቆጥረው ባይት ነበርና። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ሥርዓት) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በፓይተን 3 መልሱ 3 ነው። ስለዚህ ለ2 የተጻፈ፣ ባይት እየቆጠረ አማርኛ የሚቆርጥ ኮድ ካላችሁ በ3 ቦታው ይዛነፋል። የባይቱን ቁጥር ለሦስት የሚያካፍል መስመር የጨመረ ሰው ካለም ያንን መስመር ያውጣ።

ሌላው ዊንዶውስ ላይ የሚያጋጥመው ነው። ሊኑክስ ላይ አንደኛ የሆነ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፍት "ቻርማፕ ኮዴክ" ብሎ ይወድቃል። ኢንኮዲንግ ካልነገራችሁት ዊንዶውስ ላይ ፓይተን የሚጠቀመው የሲስተሙን የቆየ ኢንኮዲንግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1252 የሚባለውን። ያቺው "ሰላም" ራሷ በቂ ናት። የ"ም" ሦስተኛ ባይት 1252 ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። "ሰ"ና "ላ"ን እንግዳ ምልክት አድርጎ ያልፋቸዋል፣ "ም" ላይ ሲደርስ ይወድቃል።

ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ጻፉ። ስታነቡም፣ ስትጽፉም። ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ 8 ሳይነገረውም እንዲሆን ተወስኗል፤ እስከዚያ ግን መጻፉ የእናንተ ሥራ ነው። በኋላም ቢሆን አይጎዳም።

ኡቡንቱ ላይ ፒፕ "ኤክስተርናሊ ማኔጅድ" ብሎ ከለከለኝ።

ልክ ነው የከለከለው። ከኡቡንቱ 23.04 እና ከዴቢያን 12 ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር የመጣው ፓይተን በፒፕ እንዳይነካ ተደርጓል፤ የኡቡንቱ የራሱ መሣሪያዎች ይጠቀሙበታልና። በግድ የሚያስጭን አማራጭ አለ፤ ስሙ "ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ" ነው። ከዚህ በላይ በግልጽ ማስጠንቀቅ አይቻልም። የሲስተሙን ፓይተን በአዲስ መተካትማ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ተርሚናሉ ራሱ አልከፈት ሊላችሁ ይችላል። አዲሱን ከጎኑ ጫኑ፤ ላይብረሪዎቻችሁን ደግሞ በቬንቭ (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ በተለየ የላይብረሪ ማስቀመጫ) ውስጥ።

ቬንቭ ነበረኝ። እሱም ተበላሸ!

ቬንቭ ሙሉ ፓይተን አይደለም፤ የተሠራበትን ፓይተን እየጠቆመ ነው የሚኖረው። ያ ሲነሳ ወይም ሲቀየር ጠቋሚው ባዶ ቦታ ያሳያል። ማክ ላይ በሆምብሩ ፓይተን የጫኑ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ለመጠገን አትድከሙ፣ ከሌላ ፎልደርም ኮፒ አታድርጉ። አጥፉትና በአዲስ ሥሩት። ሪኳየርመንትስ ፋይል (የላይብረሪዎቻችሁ ዝርዝር) ካላችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከሌላችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት የላይብረሪ ፎልደሩን ክፈቱ። የእያንዳንዱ ፓኬጅ ስምና ቨርዥን እዚያው በፎልደር ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ወደ ድሮው መመለስ ሽንፈት ነው?

አይደለም። ነገ ጠዋት የሚቀርብ ሥራ ካለ ተመለሱ። የድሮውን ፓይተን ጫኑ፣ በእሱ ቬንቭ ሥሩ፣ ሥራችሁን አስረክቡ። አፕግሬዱን ደግሞ ሌላ ቀን፣ የኮዱን ቅጂ ይዛችሁ፣ አንድ በአንድ ሞክሩ። ፓይተኑንም፣ ነምፓዩንም፣ ጃንጎውንም በአንድ ምሽት የሚያሳድግ ሰው ኤረር ሲመጣ የቱን እንደሚጠረጥር አያውቅም።

እንዳይደገም ምን ላድርግ?

ማስጠንቀቂያዎቹን አንብቡ። ፓይተን አንድን ነገር ከማስወጣቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለሁለት ቨርዥን "ይህ ሊቀር ነው" እያለ ያስጠነቅቃል። ችግሩ ይህ ማስጠንቀቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሲሆን ሳይታይ ያልፋል። ኮዱን "ሰረዝ ደብልዩ ኤረር" ጨምራችሁ አስኪዱት፤ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ኤረር ሆኖ ይወጣል። ከአፕግሬዱ በፊት፣ በድሮው ፓይተን ላይ ነው ይህን የምታደርጉት። በሚቀጥለው ዓመት የሚያስለቅሳችሁን ነገር ዘንድሮ ያሳያችኋል።

ሌላው፣ የሚሠራበትን ቀን ጠብቃችሁ "ፒፕ ፍሪዝ" በሉና የሚያወጣውን የላይብረሪና የቨርዥን ዝርዝር ፋይል ላይ አስቀምጡ። ከተበላሸ በኋላ ፍሪዝ ማድረግ የተበላሸውን መመዝገብ ነው።

መሀል ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው የተለወጠው። ትንሽ ለውጥ አይደለም እንዴ?

በፓይተን አይደለም። ከ3.11 ወደ 3.12 ሲሄድ ነገር ሊወጣ ይችላል። ከሥጋት ነፃ የሚባለው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሲለወጥ ነው። ደግሞ 3.10ን እንደ ጽሑፍ ከ3.9 ጋር አታወዳድሩ፤ በፊደል ተራ 3.10 ያንሳል። ያምል በሚባለው የሴቲንግ ፋይል ላይም በጥቅስ ካልታሰረ 3.1 ሆኖ ይነበባል።

መቼ ላሳድግ?

እኔ ብሆን ለሥራ የምጠቀምበትን ፓይተን ከአዲሱ አንድ ቨርዥን ወደኋላ አደርገዋለሁ። እያንዳንዱ ቨርዥን 5 ዓመት ይደገፋል፤ 3.9 በ2025 ኦክቶበር አብቅቶለታል፣ 3.10 በ2026 ኦክቶበር ያበቃል። አምስቱን ዓመት ሙሉ ቆይቶ አራት ቨርዥን በአንዴ መዝለልም ግን ራሱን የቻለ መከራ ነው።

ኤአይ ጠይቄ የሰጠኝ ኮድ ራሱ አይሠራም።

የተማረው ከድሮ ኮድም ጭምር ነው። የፓንዳስን አፔንድ ዛሬም ሊጽፍላችሁ ይችላል። ስትጠይቁት የፓይተንና የላይብረሪውን ቨርዥን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ሁሉንም ሞከርኩ፣ አልሆነም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልጠይቅ ነው። ምን ልላክ?

ትሬስባኩን ሙሉውን፣ በጽሑፍ። ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ፣ ያውም ከጎን አዘንብላችሁ፣ አትላኩ፤ ኮፒ ሊደረግ አይችልም፣ የሚረዳችሁ ሰውም መልሶ መተየብ የለበትም። የፓይተኑን ቨርዥን፣ የወደቀውን ላይብረሪ ቨርዥን፣ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ጨምሩ። ከየት ወደየት እንዳሳደጋችሁም ጻፉ። ኮዱን ሙሉ ፕሮጀክቱን ሳይሆን ያው ኤረር እስኪወጣ ድረስ ቆራርጣችሁ፣ አሥር አሥራ አምስት መስመር አድርጋችሁ ላኩ። ስትቆራርጡ ችግሩን ራሳችሁ የምታገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የዳታቤዙ ፓስወርድ ያለበትን መስመር አጥፉ፤ ትሬስባኩ ውስጥም አንዳንዴ ተደብቆ ይገኛል።